የአቶ ሴድሪክ ቅዳሜ በገበያ ዋጋ

ለተከበረው የመኪና ውድድር ቡድኖች የወጪ ገደብ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ
ባለበት

ጉዳዩ፦ ለአንድ ጡረተኛ የቅዳሜ ጠዋቶች ዋጋ ስለወጣላቸው ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡራንና ክቡራት የኮሚቴው አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ በያላችሁበት ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰላም፣ ቁጥር የሚደምሩ ጣቶቻችሁም ከቁርጥማት የተጠበቁ እንዲሆኑ ከልብ የመነጨ ምኞቴን አቀርባለሁ። ስሜ ግወን ታትሎው ይባላል። በኖርዝሃምተንሻየር፣ ሃርክስቶቭ በምትባል መንደር ዳርቻ፣ ከበጎቹ ግጦሽ አጠገብ በቆመው የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ፣ ለዊንስሎት የውድድር ቡድን የካርቦን ጨርቅ እየደራረብሁ የመኪና አካል ስሠራ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። መኪናችንን በቴሌቪዥን ሳታዩት አልቀራችሁም። መሪዎቹ በሙሉ ዙር ሊደርቡት በተቃረቡ ቁጥር በሰማያዊ ባንዲራ ዞር በል የሚባለው የእኛ ነው።

የወጪ ገደቡ የታወጀ ዕለት እኛ ዘንድ በዓል ነበር። ሀብታሞቹ ቡድኖች ገንዘብ እንደ ውሃ ማፍሰሳቸው ቀርቶ ከእኛ ከድሆቹ ጋር በችሎታ ብቻ ሊፎካከሩ ነው ስለተባለ፣ ከሥራ ስንወጣ በቀጥታ መጠጥ ቤት ገብተን ለጤናችሁ ጠጣን። እኔ ራሴ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ቢራ ጠጥቼላችኋለሁ። ያንን ቢራ መልሱልኝ የምል ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተደረገልን መልካም ነገር ሁሉ ሳይመሰገን እንዳይቀር፣ በቁጥር ለይቼ አቀርብ ዘንድ ፈቃዳችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ቁጠባ ከማን መጀመር እንዳለበት ስላሳያችሁን። የአሽከርካሪዎች ደመወዝ ከገደቡ ውጭ ነው። በየቡድኑ ከሁሉ የላቀ የሚከፈላቸው የሦስቱ አለቆች ደመወዝም ከገደቡ ውጭ ነው። ለእንግዶች የሚቀዳው ሻምፓኝ ማስታወቂያ ስለሆነ ከገደቡ ውጭ ነው። የእኛ የሻይ ወተት ግን ከገደቡ ውስጥ ነው። የዚህ ታላቅ ስፖርት ብክነት ምንጩ ወተቱ መሆኑን እኔ በራሴ ጭንቅላት መቼም አልደርስበትም ነበር። ዛሬ ወተቱን ተራ እየገባን ከየቤታችን እናመጣለን፤ ይህንን ግን እንዳላነበባችሁት ቁጠሩልኝ።

ሁለተኛ፤ በጎረቤቶቻችን ልብ ውስጥ የታሪክ ፍቅር ስላሳደራችሁ። ከእኛ የአሥራ ሁለት ማይል መንገድ ርቆ የሚገኘው ታላቁ ጎረቤታችን (ስሙን ብጠራ ድፍረት ይሆንብኛል) ገደቡ በወጣ በዓመቱ አሮጌ የውድድር መኪኖችን የሚያድስ የሙዚየም ክፍል ከፈተ። ሙዚየም ውድድር ስላልሆነ ከገደቡ ውጭ ነው። በዚያ ክፍል ዘጠና ሰባት መሐንዲሶች አንዲት የሃምሳ ዓመት መኪና እያደሱ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። መኪናዋ እስከ ዛሬ መቀመጫ እንኳን አልገባላትም ይባላል፤ መሐንዲሶቹ ግን መጠጥ ቤት ሲመጡ የሚጨቃጨቁት ስለ ዘንድሮው መኪና የፊት ክንፍ ነው። እኛ ሙዚየም የለንም። አሮጌ መኪና አጥተን ሳይሆን፣ አሮጌዋን መኪና አሁንም ስለምንወዳደርባት ነው።

ሦስተኛ፤ ከቀኑ እያንዳንዱን ስድስት ደቂቃ በምን እንዳሳለፍን የምንሞላበትን ቅጽ ስለሰጣችሁን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ፣ ጊዜያችሁን ብወስድም ነገሩን ከሥሩ ባስረዳ ይሻላል።

በእኛ አዳራሽ የቆየ ልማድ አለ። ዕቃ ያበላሸ ሰው በማግስቱ ቤቱ የጋገረውን ኬክ ይዞ ይመጣል። ማንም አይቆጣውም። ኬኩ እየተቆረሰ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ራሱ ያበላሸው ሰው ይናገራል፣ የሚያውቅ ያርመዋል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ስህተት የሚደግም የለም። በመጋቢት ወር አንድ ዓርብ ጃስቪንደር፣ ማለትም ከልብስ ስፌት ወደ እኛ የመጣችውና እጇ ከሁላችንም የፈጠነው ሴት፣ የመኪናውን አፍንጫ አበላሸች። ቅዳሜ ጠዋት የሎሚ ኬክ ይዛ መጣች። እኔም ቅጹን በሐቅ መሙላት ግዴታዬ ነው ብዬ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፤ የሎሚ ኬክ። ጨርቁ ማዕዘን ላይ አየር ሳይዝ እንዴት እንደሚጫን ሴድሪክ አስተማሩን።»

ሁለት ሳጥን ሞላሁ። ያቺ እጄ ብትቆረጥ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ሴድሪክ ፖልፍሬይ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ናቸው። በዚያው አዳራሽ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔንም ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጨርቁን በአውራ ጣታቸው አሙቀው ማዕዘን ውስጥ ሲጭኑት ላየ፣ ሕፃን ልጅ የሚያስተኙ ይመስለዋል። ዕቃው እንዲጠነክር ከገባበት ምድጃ ሲወጣ በአንዲት አሮጌ ሳንቲም ዙሪያውን ያንኳኩታል። ደህና ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ በንብርብሩ መካከል አየር ካለበት ግን ድምፁ ይደፈናል። የሁለት መቶ ሺህ ፓውንድ መመርመሪያ የሌለን እኛ ይህ ጆሮ ነበረን። ባለቤታቸው ቤሪል ያረፉ ሰሞን፣ ከቀብሩ በኋላ በመጣው ቅዳሜ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ግወን፣ ልጄ፣ እቤት የሚያወራኝ ሰዓቱ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ልቁምና እናንተን ልይ፣ አላስቸግርም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም፤ ጥግ ላይ ግን አንድም ቀን አልቆሙም።

ቅጼ በደረሳችሁ በሦስተኛው ሳምንት መርማሪያችሁን ሚስተር ሃልዴንን ላካችሁልን። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ። አቶ ሴድሪክን ከሩቅ አይተው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

«እኚያ ሰውዬ በየትኛው የሥራ መደብ ነው ያሉት?»

«በቅዳሜ ነው ያሉት» አልኋቸው።

«ስንት ይከፈላቸዋል?»

«ሻይ።»

«ሻዩ ተመዝግቧል?»

አቶ ሴድሪክ ይህንን ሰምተው «ስኳር አልጨምርም፤ እሱን ቀንስልኝ የኔ ልጅ» አሉ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ሚስተር ሃልዴንም ትንሽ ፈገግ ብለው ጻፉ። ያን ዕለት ተረኛው ኬክ የካሮት ነበር፤ ሁለት ቁራሽ በሉ፣ እሱንም «ለመርማሪ የቀረበ መስተንግዶ» ብለው በራሳቸው ላይ መዘገቡ። ፍትሐዊነታቸውን አደንቃለሁ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ምስጋናዬ ሁሉ በዚህ ነገር ላይ ስለተከማቸ ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ። በሰኔ ወር ውሳኔያችሁ ደረሰን። ያለ ክፍያ የተገኘ አገልግሎት በገበያ ዋጋው ሊመዘገብ ሲገባ ባለመመዝገቡ ቡድናችን ጥፋተኛ ሆኖ የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት። በውሳኔው አባሪ ላይ የአቶ ሴድሪክ ሙሉ ስም፣ የሚያውቁት ሙያ አንድ በአንድ፣ የመጡባቸው አርባ አንድ ቅዳሜዎችና የአንዱ ሰዓታቸው ዋጋ ተዘርዝሯል፤ መቶ አሥራ ሁለት ፓውንድ። ይህንንም እንደ ልማዳችሁ ዓለም ሁሉ እንዲያነበው በድረ ገጻችሁ ላይ አወጣችሁት። በዚያው ሳምንት ገደቡን በብዙ ሚሊዮን ያለፈው ሌላ ቡድን ከእናንተ ጋር ተነጋግሮ መስማማቱን፣ ስምምነቱም በምስጢር እንደሚያዝ የሚገልጽ ባለ አራት መስመር መግለጫ አንብበናል። የእኛ ውሳኔ ስልሳ ሦስት ገጽ ነው፤ ስለተደከመልን ኮርተናል።

ውሳኔውን ለአቶ ሴድሪክ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። መነጽራቸውን አውልቀው «ስንት አልሽ? በሰዓት?» አሉ። ደገምሁላቸው። «ደሞዝ ጨምሩልኝ ብዬ ስጠይቅ የት ነበሩ እነዚህ ሰዎች! ቤሪል ይህን ሳትሰማ መሞቷ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «እና ታዲያ ቅዳሜ ልምጣ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሱን የሰጡት የቡድናችን ጠበቆች ናቸው። አቶ ሴድሪክ እንዲገቡ ከተፈለገ፣ በየሦስት ወሩ ዋጋቸውን የሚያጣራ ገለልተኛ ገማች መቅጠር ግድ ነው፤ ገማቹ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ ነው። ቅጣታችሁን ለመክፈል የማታ ፈረቃውን ያጠፈ ቡድን ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ ከየት ያመጣል? ስለዚህ የበሩ ቁልፍ ተቀየረ፤ በነፃ የሚመጡት ሰው በውድነታቸው ምክንያት ተከለከሉ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የተሳሳተ ቃል አላገኘሁበትም።

አሁን ሳንቲሟን የማንኳኳው እኔ ነኝ። ጨዋታውን ትቼ እውነቱን ልንገራችሁ፤ እፈራለሁ። ጆሮዬ የእሳቸውን ያህል አይደለም። እኔ «ደህና ነው» ብዬ ያሳለፍሁት ዕቃ ላይ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ተቀምጦ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይበራል። እሁድ ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳም። ጃስቪንደርም በቀደም ዕለት አንድ ማዕዘን ሦስት ጊዜ አፍርሳ ከሠራች በኋላ «እሳቸው ቢኖሩ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር» ብላ አለቀሰች።

ስለሆነም ከእግራችሁ ሥር ሆኜ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሁለት መቶ ገጽ ደንባችሁ ውስጥ፣ ለሻምፓኙና ለሙዚየሙ ከተተወው ሰፊ ቦታ አንዲት መስመር ቆርሳችሁ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የድሮ መሥሪያ ቤቱ ገብቶ የሚያውቀውን ቢያስተምር ወጪ ተብሎ እንዳይቆጠር ጻፉልን። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ቅጣቱንም መልሱ አንልም። ሰውየውን ብቻ መልሱልን።

የከበረ ጊዜያችሁን በእንዲህ ያለ ተራ ጉዳይ ስለያዝሁባችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ገደባችሁ እንዲሰፋ፣ ዓመታችሁ እንዲረዝም፣ የምትቆጥሩት ነገር እንዳያልቅባችሁ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ቅጻችሁን በታማኝነት የምሞላ፣
ግወን ታትሎው
ካርቦን ደራቢ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ሳንቲም አንኳኪ

ግልባጭ፦
ለአውራጃው ጋዜጣ፣ ለአንባቢያን አምድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ለጋዜጣው ተልኮ ገና ሳይታተም አንድ ነገር ስለተፈጠረ ልመናዬን በአክብሮት አንስቻለሁ። ታላቁ ጎረቤታችን ድረ ገጻችሁን ያነብ ኖሯል። ሽማግሌው ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያውቁ፣ በስንት እንደሚገኙ እናንተው ጽፋችሁለት ስለነበር ብዙ አልደከመም፤ አቶ ሴድሪክን በዚያው በእናንተ ዋጋ፣ በሰዓት መቶ አሥራ ሁለት ፓውንድ፣ በሙዚየሙ ክፍል ቀጠራቸው። ማታ በጓሮ በር መጥተው ነገሩኝ። «ግወን፣ እምቢ ልበላቸው?» አሉ። የሚቀመጡበት ባዶ ቤት ታየኝና «ይሂዱ እንጂ!» አልኋቸው። ከትልልቆቹ ሊጠብቀን የወጣው ደንብ የነበረንን አንድ ብርቅ ሰው በስም ጠርቶ ለትልልቆቹ እንዳስረከበልን ታሪክ ይመዝግብላችሁ። ውላቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ ከእኛ ከተፎካካሪዎቹ ጋር ስለ ሥራ እንዳይነጋገሩም ይከለክላቸዋል። እሳቸው ደግሞ የፈረሙትን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በመንደሩ ሱቅ ወተት ስገዛ አገኘኋቸው። «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አሉኝ፤ እኔም «ይመስለኛል» አልኋቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተዋውቀን ልንነጋገርበት የተፈቀደልን ይኸው ነው፤ እናመሰግናለን።