ሃያ ሰከንድ የማትሞላ መግቢያ

አሰላሙ ዓለይከ የኔ ሰይድ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔና ልጅህ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ሐያት አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቀች ነው። ሚኒባስህን ጓደኛህ ኡመር ገዝቶ እዚያው ከሮቢት ዋጃ ይመላለስበታል፤ ቀለሙንም አልቀየረውም። በደጃችን ባለፈ ቁጥር ጡሩምባውን አንዴ ይነፋልናል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንን ድምፅ ስሰማ ወደ በሩ እሮጥ ነበር። አሁን ፈገግ ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። የተከልካት ፓፓያም አፍርታ ጎረቤቱ ሁሉ ቀምሷታል።

እኔ ዛሬም እዚያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ። ግን ሌላ ሥራም ጨምሬያለሁ፤ ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር። ፖድካስት እሠራለሁ። በስልክ የሚደመጥ ፕሮግራም ነው፤ ሰው በሚመቸው ሰዓት ከፍቶ ይሰማዋል።

እንዴት ጀመርሽው ብትለኝ፣ አምና ግንቦት ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ከቆላው ገጠር በቃሬዛ አመጡልኝ። ራሷን ስታ ነበር። የእርግዝና ደም ግፊት ነው። የምንችለውን ሁሉ አደረግን፤ አላተረፍናትም። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ «ራሴን ካለች እኮ ሦስት ቀኗ ነው፤ ፀሐይ የመታት መስሎን ነው» አለኝ። የቆቦን የግንቦት ፀሐይ ታውቀዋለህ፤ ማንም ሊመስለው ይችላል። ያን ቀን ቤት ስገባ የምነግረው ሰው አጣሁ። ለሐያት ነገርኳት። ስታለቅስ ቆየችና፣ «እማ፣ ይህን ለሌሎቹ በስልክ ብንነግራቸውስ?» አለችኝ።

መኝታ ቤቱን በብርድ ልብስ ከልለን፣ የባጃጁ ጫጫታ ጋብ ሲል እየጠበቅን የመጀመሪያውን ቀዳን። መግቢያው ብቻ ሦስት ደቂቃ ነበር። «ውድ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው» ብዬ፣ የት እንደተማርኩና ስንት ዓመት እንደሠራሁ ዘርዝሬ፣ ሙዚቃም አስገባንበት። አማረብኝ ብዬ ለለተብርሃን በስልኳ ላክሁላት። ያቺን ቤተሰቦቿ ከትግራይ መጥተው እዚህ የቀሩት፣ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጠው ጎረቤታችንን ታስታውሳታለህ። በማግስቱ፣ «ዘይነብዬ፣ ድምፅሽስ ማር ነው። ግን ምን ልትነግሪኝ እንደሆነ ሳልሰማ ደንበኛ መጣብኝና ዘጋሁት» አለችኝ።

አኮረፍኩ። ሐያት እንቁረጠው ብትለኝ፣ ሰው ሰላም ሳይሉ ጉዳይ ውስጥ ዘሎ መግባት ነውር ነው ብዬ ተቆጣኋት። ሁለት ሳምንት ያህል ስልኩን አልነካሁትም።

ከዚያ አንተ ትዝ አልከኝ። ከሥራ ገብቼ የዋልኩበትን ማውራት ስጀምር፣ ማን እንዳመጣት፣ በየት መንገድ እንደመጡ፣ ስንት ሰዓት እንደደረሱ ስዘረዝር፣ እጅህን ከሳህኑ ላይ አንስተህ ታስቆመኝ ነበር። «ዘይነብ፣ እናትየዋ ተርፋለች? እሷን ንገሪኝና ከዚያ እስኪነጋ አውሪኝ» ትለኝ ነበር። ያኔ ትዕግሥት ያነሰህ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለማታውቃት ሴት ተጨንቀህ ነው።

ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አምስቴ ጽፌ አምስቴ ቀደድኩ። «አድማጮቻችን» የሚለውን አውጥቼ፣ ለአንዲት ሴት ብቻ እንደማወራ አደረግኩት። ሰላምታውን ከመግቢያው በኋላ እንዲመጣ አደረግኩት። ስሜንም እንደዚያው። የቀረችው መግቢያ ይህች ናት፦

«እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ? ራስሽን በኃይል እያመመሽ ነው? ዓይንሽ ብዥ ይልብሻል? ፊትሽና እጅሽ አብጧል? እንግዲያው ይህን ፕሮግራም አትጨርሺ። ዝጊውና አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

ሐያት ሰዓት ይዛ ለካችው፤ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። «ሰውን ዝጊው ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም አይቼ አላውቅም» ብላ ሳቀች። እኔም ፈርቼ ነበር።

ወር ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን፣ ለተብርሃን ስልኳን ቅመሙ መሐል አስቀምጣ ጮክ አድርጋ ከፍታዋለች። ፋጡማ የምትባል፣ ከዋጃ የመጣች የስምንት ወር ነፍሰ ጡር በርበሬ ልትገዛ ፊት ለፊቷ ቆማለች። መግቢያዋ እንዳለቀች ልጅቱ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና፣ «ይህቺ ሴትዮ እኔን በየት አወቀችኝ?» አለቻት። ለተብርሃን ቅመሟን ለጎረቤት ጥላ፣ ባጃጅ አስቁማ፣ እጇን ይዛ አመጣችልኝ። ግፊቷን ስለካው በጣም ከፍ ብሏል፤ ግን በጊዜ ደርሳለች። መድኃኒቱን ጀምረንላት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክናት። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ፤ ሴት ልጅ ተገላግላለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሰይዴ፣ ያን ቀን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። አንተ ከሄድክ ወዲህ በደስታ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፋጡማ ልጇን አዝላ ልታመሰግነኝ ቤት ድረስ መጣች። ፕሮግራሙ እንዴት ነበር ብላት አፈረችና፣ «ኧረ እኔ ዝጊው ካልሽኝ ወዲያ ምንም አልሰማሁ» አለችኝ። ሐያትና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፤ ልጇን እያጠባች የቀረውን እስከ መጨረሻው አደመጠችው።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዱዓዬ አትወጣም። አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ኢንሻአላህ አንድ ቀን የሐያት ልጆች አያታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር ብለው ይጠይቁኛል። ያኔ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ረጋ ብዬ፣ ምንም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።

ያንተው ዘይነብ