በልብስ ቁልፎች መካከል ስለተገኙ ሃያ ስድስት ክኒኖች

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የነዋሪዎች ግሩፕም ብቸኛ አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ከእጅዎ ወርዶ ለማያውቀው ስልክዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና ስልም በመሣሪያ ተለክቶ የሚረጋገጠውን ማለቴ ነው እንጂ ለሃያ ሰው ሲላክ ይገኛል የሚባለውን አይደለም። ግሩፑ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይጽፍ ከወሰኑ ወዲህ እኔን ለመሰለ ተራ ነዋሪ የቀረው ቦታ መግቢያው ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ፣ ደብዳቤዬን ከሊፍት ጥገናው ማስታወቂያ ጎን በመለጠፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ የምንኖር እናትና ልጅ ነን። እናቴ አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ ዓይኗ ሲደክም የስፌት መኪናዋን በጨርቅ የሸፈነች ሴት ናት። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ክንድ ላይ የግፊት መለኪያ ሳስር ኖሬአለሁ። እናቴን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይቀርቧታል ብል እርስዎን ደስ ሊልዎ ይችላል፣ እኔን ግን ያንገበግበኛል። ቅሬታዎቼን በቁጥር የማቀርበው፣ ቁጥር ያለው ነገር ቶሎ እንደሚታመን «ሐኪሞች የደበቋቸው ሰባት ምስጢሮች» በሚለው መልእክትዎ ስላስተማሩን ነው።

፩ኛ. ስለ ማለዳ ሰላምታዎ። በየቀኑ ልክ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ ካለበት ሥዕል ጋር «እንዴት አደሩ እናቴ» የሚል መልእክት ይልኩላታል። ያው ጽጌረዳ ለሕንፃው እናቶች ሁሉ እንደሚላክ ላስረዳት ሞክሬ፣ «ለእኔ ብሎ የላከውን ደግሞ ልትቀሚኝ ነው?» ተብያለሁ። ለእርስዎ መልእክት የተለየ ደወል አስሞልታለች፤ እኔ ስደውል ግን ስልኳ ለማንም እንደሚጮኸው ይጮኻል። ለእርስዎ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ምርቃት በድምፅ ቀድታ ትልካለች፤ ለእኔ የምትልከው «ስትመጪ ዳቦ ያዢ» የሚል ነው። ቀንቻለሁ፣ ክቡር ሰብሳቢ። አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ በጽጌረዳ ሥዕል ቀናሁ፤ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ያበቁኝን እርስዎን አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ሚስማሩ። ኮሚቴው ያደለን፣ ፎቶግራፍዎ በእያንዳንዱ ወር ላይ ያለበት ቀን መቁጠሪያ ደርሶናል። በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ያለው ሚስማር አንድ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነርስነት ዲፕሎማዬ ይሰቀልበት ነበር። አሁን ዲፕሎማው ከሶፋው ጀርባ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

፫ኛ. ስለ ክኒኖቹ። «የደም ግፊት ክኒን ኩላሊት ያደርቃል፤ የሎሚ ልጣጭ ቀቅላችሁ ጠጡ» የሚለውን ያሰራጩት እርስዎ ነዎት። ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው፣ በምን እንዳወቀው አልተጻፈበትም፤ ከግርጌው «ለሚወዱት ሰው ያስተላልፉ» ይላል። እናቴ ስለምትወደኝ ለእኔ አስተላለፈችው። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሕተቱን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት፤ ያመነችም መሰለኝ። በየማለዳው ዓይኔ እያየ ክኒኗን አፏ ውስጥ አድርጋ ውሃ ትጠጣለች፣ እኔም ተረጋግቼ ወደ ክሊኒኬ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን የሥራ ጋውኔ ቁልፍ ተበጥሶ፣ የሚመስለው ካለ ብዬ እናቴ የልብስ ቁልፎች የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ነጭ፣ ክብ፣ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ፤ ቀዳዳ ግን አልነበራቸውም። ሃያ ስድስት ናቸው። ምላሷ ሥር ደብቃ፣ እኔ በሩን ስዘጋ እያወጣች፣ ቁራጭ ክር እንኳ መጣል የማይሆንላት ሴት ስለሆነች እዚያ ታስቀምጣቸዋለች። የዚያን ዕለት ግፊቷን ብለካ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ደረጃው ላይ አዙሯት ልትወድቅ ስትል ደግፈው ቤቷ ድረስ ያስገቧት እርስዎ ነበሩ፤ ለዚህም ከልቤ አመሰግናለሁ። የሚያዞረውንም የሚደግፈውንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ኮሚቴ ያላቸው ነዋሪዎች ብዙ አይመስሉኝም።

ቆርቆሮውን ይዤ ስቀርባት፣ «አንቺ ሥራሽ ስለሆነ ነው ክኒን ክኒን የምትይው። እሱ ምን ሊያገኝ ብሎ ይዋሻል?» አለችኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ የሚናገረው ሰው ምን ይጠቀማል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰው ምንም ሳይጠቀም፣ ምንም ክፋት ሳይኖረው፣ በንጹሕ ልብ ሊሳሳት እንደሚችል ልነግራት ይገባ ነበር። እኔ ግን እንባዬ ስለቀደመኝ ቆርቆሮውን አስቀምጬ ወጣሁ።

፬ኛ. ስለ ወፏ። ይህ ቅሬታ እርስዎ ትክክል ስለነበሩበት ቀን ነው፣ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ ይከብደኛል። ባለፈው ዓመት «ጣሪያው ላይ ባለው ታንከር ውስጥ የሞተች ወፍ ስላለች ውሃውን እንዳትጠጡ!!!» ብለው ሲልኩ፣ እናቴ እያነበበችልኝ ሳላስጨርሳት «ይሄም ወሬ ነው» አልኳት፤ ወሬ መሆኑን ላሳያትም ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ሞልቼ ፊት ለፊቷ ጠጣሁ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። እናቴ ጎኔ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ መልእክትዎን ደጋግማ አነበበችልኝ። በዚያ ሳምንት እርስዎ ከነሥልጣንዎ ቤታችን ገቡ፣ እኔም ከነዲፕሎማዬ ወጣሁ።

ሐቁን ለመናገር፣ የዚያን ዕለት መሰላሉን ተሸክመው፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው፣ የታንከሩን ክዳን አንሥተው ወፏን በዓይንዎ አይተዋል። ከላኳቸው መልእክቶች ሁሉ አይቼዋለሁ ሊሉበት የሚችሉትን እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት፣ መጠራጠር ሥራዬ የሆነው፣ መሰላሉን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም፤ የጠላሁት መልእክቱን ሳይሆን ላኪውን ነበር።

፭ኛ. ስለ ራሴ። ይህ ቁጥር በእኔ ላይ የቀረበ ቅሬታ ነው። ቆርቆሮው ከተገኘ በኋላ ስለ ግፊት ክኒን ትክክለኛውን ነገር በሁለት አንቀጽ ጽፌ፣ ምንጩን ጠቅሼ፣ ስሜንና ሙያዬን አስፍሬ ግሩፑ ላይ እንዲያወጡልኝ ላክሁልዎ። መልስዎ አንድ የአውራ ጣት ምልክት ነበር፤ ጽሑፉ ግን አልወጣም። ለእናቴም አሳየኋትና «ረዘመ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስታውስ ፊቴ ይቀላል። አዲስ ሲም ካርድ አውጥቼ፣ በምሳ ሰዓት የክሊኒኩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ በእርስዎ አጻጻፍ ጻፍኩ። «አስቸኳይ!» ብዬ ጀመርኩ፣ ቀይ አደረግኩት። ለደኅንነታቸው ሲባል ስማቸው ያልተጠቀሰ አንድ ታላቅ ፕሮፌሰር ፈጠርኩ፤ ፕሮፌሰሩም የግፊት ክኒን ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን፣ በየማለዳው በመስኮት ወደ ፀሐይ ዞሮ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ መዋጥ እንደሚገባ ተናገሩ። ፀሐይዋ ውሸት ናት፤ ያለ እሷ ግን እንደማይታመን ከእርስዎ ተምሬአለሁ። ለእርስዎ ብቻ ላክሁት። በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ «በራሴ አጣርቼ አረጋግጫለሁ» የሚል መስመር ጨምረውበት ለመላው ሕንፃ አደረሱት።

እናቴ በማግሥቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ክኒኗን ዋጠች። በሦስተኛው ሳምንት ግፊቷ ወደ መቶ አርባ በሰማንያ አምስት ወረደ። እልል ማለት ሲገባኝ፣ ለእርስዎ የአራት ደቂቃ ምርቃት ስትቀዳ ሰማኋትና ልቤ ተቃጠለ። ለእኔ ደግሞ «አየሽ፣ እውቀት ማለት ይሄ ነው» አለችኝ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ቅናቴን ውጬ እኖር ነበር። ነገር ግን አንደኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ፖስተኛ፣ ግፊታቸው ከድሮም ዝቅተኛ የሆነው አባት፣ የፕሮፌሰሩን ምክር አንብበው ከእናቴ አራት ክኒን ተቀብለው በአራት ቀን ዋጡ። ክሊኒካችን አግዳሚ ወንበር ላይ ደም ከፊታቸው ጠፍቶ አገኘኋቸው፤ ሰማንያ በሃምሳ። አሁን ድነዋል። «ሐኪም ላዘዘለት ሰው ብቻ» የሚለው ሐረግ በመጀመሪያው ጽሑፌ ውስጥ ነበር፤ ከሁለተኛው ያወጣሁት መልእክቱን ስለሚያስረዝምና ስለማያምር ነው። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

በዚያው ቀን ሊፍቱ በር ላይ አግኝቼ መልእክቱን እንዲያጠፉት ለመንኩዎ። ትከሻዬን በአባትነት መታ መታ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንቺ ነርስ ነሽ፤ እሳቸው ፕሮፌሰር ናቸው» አሉኝ። በዚያች ቅጽበት «ፕሮፌሰሩ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ እፍረትና ቅናት አፌን ያዙኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጬ በፈጠርኩት ሰውዬ ቀናሁ። ይህን ዓይነት ቅናት ያየ ሰው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

ከእርስዎ በፊት ግን ማወቅ የነበረባት እናቴ ስለሆነች፣ ትናንት ሁሉንም ነገርኳት። ስታውቅ ክኒኑን እንደገና ትተወዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። መነጽሯን አድርጋ መልእክቱን እንደገና አነበበችና፣ «እና መስኮቱስ?» አለችኝ። መስኮቱ ውሸት መሆኑን ነገርኳት። እሷም «ሰብሳቢው አጣርቻለሁ ብሎ የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሥልጣኑ ስለሌለኝ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ዛሬ ማለዳ ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ ምንድን ነው የሚሠራው? እናንተስ በምን አወቃችሁ?» አለችኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ቁጭ ብዬ ነግሬአት አላውቅም፣ አዝዣት ነው የኖርኩት። ሳልቆጣ ነገርኳት፣ የማላውቀውንም አላውቀውም አልኳት፣ ሥራም ረፈደብኝ። ዋጠችው። አፏን ከፍታ አሳየችኝና፣ «አምነሽኝ አትቅሪ፤ ማታ ስትመጪ ቆርቆሮውን ከፍተሽ እዪ» አለች። ሰው እንዲህ ብሎ ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስመለስ ከፍቼ አየሁ፤ ቁልፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የፕሮፌሰሩን መልእክት ዛሬውኑ ያጥፉት፣ ሐሰት መሆኑንም በዚያው በቀዩ ቀለም ይግለጹ፤ የእኔን ስም ቢጨምሩበት አልቃወምም። ከእንግዲህም አንድ ነገር ከመላክዎ በፊት እንደ ወፏ ቀን መሰላሉን ይውጡ፤ መውጣት ያልቻሉበትን ደግሞ «አላየሁትም» ብለው ይጻፉበት። መሰላሉን እኔ እይዝልዎታለሁ። የማለዳ ሰላምታዎን ስለመቀጠል ሙሉ ነፃነት አለዎት፣ ነገር ግን ከነገ ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እናቴን እንዴት አደርሽ የምላት እኔ መሆኔን አስቀድሜ አሳውቃለሁ። ሚስማሩን በተመለከተ፣ እስካሁን የተሰቀሉት እርስዎ ነዎት።

ለረጅም ዓመታት ሳያሰልሱ፣ ሳያርፉና ሳያነቡ ላገለገሉን ለእርስዎ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መልእክትዎን ሁሉ እንደ ደረሰ ለማመንም ለመናቅም እንዳልቸኩል ቃል እየገባሁ፣

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣
የልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅ፣
ነርስ ብቻ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሁለት ጊዜ በስልክ እንደተነጋገሩ፣ ድምፃቸው ጎርናና ትሕትናቸው የሚገርም እንደሆነ ነግረውን፣ እናቴም አጨብጭባልዎታለች። ፕሮፌሰሩ በዚያ ሰዓት ከእርስዎ ፊት ለፊት፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ያቺን ሲም ካርድ እስካሁን ከስልኬ አላወጣኋትም፤ አንድም ቀን አልጮኸችም።