ልቧ በቀኝ የሆነች ልጅ

ሐሙስ ጠዋት፣ ጥር 14

ለልጄ፣ ባሕር ማዶ ላለኸው፤

እስክሪብቶውን የያዘችው የገዛ ልጅህ ቀኜ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ሳል ሲይዛት እጇ ይንቀጠቀጣልና ፊደሉ ቢጣመም እንዳትቆጣት። ደህንነትህን አልጠይቅም፤ ብትታመም ኖሮ ትደውል ነበር።

ቅዳሜ ስብሰባ ሄደን ነበር። እንደሷ ያሉ ሕመምተኞች፣ አስታማሚዎችና ተመራማሪዎች፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ። ወንበሮቹ ተራርቀው፣ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ። «የተጣላ ሰው እንኳን እንዲህ አይራራቅም» ብል፣ አንዱ ለሌላው ጀርም እንዳያቀብል ነው አሉኝ።

ሳንባ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ አክታ ጠርገው የሚያወጡ። የቀኜ ግን ከተፈጠረች ጀምሮ ቆመው ይውላሉ። «ሥራ ፈቶች!» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነ።

አክታው እንዲላቀቅ ጠዋት ጠዋት ጀርባዋን እንዴት እንደምመታ ሳሳይ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ «አባባ፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሥራዬን ማን ነገራት? ለካ መዳፍ ውሃ እንደሚጠጡበት ጎድጎድ ይላል እንጂ አይዘረጋም። በዚህ ዕድሜዬ ታረምኩ፤ ለማንም እንዳትናገር።

ከዚያ አንዲቱ ተመራማሪ የልብ ማዳመጫዋን አንስታ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከልጅቷ ደረት በቀኝ በኩል አደረገችው። ሐኪም በተለወጠ ቁጥር «ልቧ በቀኝ ነው» እያልን አፋችን አልደከመም? ቀኜ ቀና ብላ «አባባ፣ እነዚህ ያውቁኛል» አለችኝ። እንደሷ ልቧ በቀኝ የሆነ አንዲት አስተማሪም «ሳልሽን አትደብቂ፣ እኔ እየሳልኩ አርባ አልፎኛል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ በመሀረብ አታፍነውም።

አሁን ወደ ነገሬ። በሽታው ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የሚወረስ ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ፣ ሁለቱም ሳያውቁ። ተመራማሪዎቹ የእናቷን ግማሽ ከደሟ አግኝተዋል። ሌላው ካንተ መምጣቱን ካላረጋገጡ ቀኜ ጥናታቸው ውስጥ አትገባም። «የእኔን ደም ቅዱ» ብዬ ክንዴን ብዘረጋ፣ «የሚያስፈልገው የአባትየው ነው» አሉኝ። አንተ ደግሞ ባለፈው «ጥፋቱ ያንተ ነው ሊሉኝ ነው» ብለህ ስልኩን ዘጋህ። የምን ጥፋት? ደሙን ከገበያ መርጦ የገዛ አለ? እዚያው ካለህበት ስጥ፤ ማስላኩ የእነሱ ሥራ ነው።

የሷ ልብ የት እንዳለ አዳራሽ ሙሉ ሰው አውቋል። ያንተ የት እንዳለ ደሙን ስትሰጥ እናያለን።

የነካኸው ይባረክ፣ መንገድህ ወደ ቤት ያዘንብል። ናፍቀኸናል።

አባትህ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ

በይ ቀኜ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። … «ናፍቀኸናል» ብዬ ነበር እንዴ? አላልኩም። … ተይው፣ አትሰርዢው።