ከቤተ ጸሎቱ ደጃፍ ስለ ተነሣው ጫማዬ

ለተከበሩ የወንዝ ዳር የእግር መንገድ ማኅበር ሊቀመንበር፣
ፈረንሳይ አገር

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እግሬም በጅቡቲ ሙቀት የደነደነ ስለሆነ ከእርስዎ ጠጠር በሰላም ተርፏል። ፈረንሳይኛዬ ከገበያ ስለማያልፍ በአማርኛ ጽፌአለሁ። እዚያው የምትኖረው ልጄ ሶልያና ትተረጉምልዎታለች፤ ቃሉን እንዳታለሰልስብኝ አደራ ብያታለሁ።

ባለፈው ሐምሌ እርሷን ልጠይቅ መጥቼ፣ ወንዙን ተከትዬ በመንገድዎ ብቻዬን ሄጄ ነበር። መንገዱ ያምራል፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። በበጋ የማይደርቅ ወንዝ፣ የጠገቡ ላሞች፣ ሰው እንዳይጠፋ ዛፉ ላይ የተቀባ ቢጫ ምልክት አለው። ከጅቡቲው የሄሮን ሰፈር ባሕር ዳር ሌላ መናፈሻ ለማያውቅ ሰው ጥላው ብቻ በቂ ነበር። ሸለቆው መሐል ትንሽ የድንጋይ ቤተ ጸሎት አየሁ። የባለቤቴ የውብነሽ ሙት ዓመት በዚያው ሰሞን ነበርና፣ ለነፍሷ ልጸልይ ብዬ ጫማዬን ከደጃፉ አውልቄ ገባሁ። ስወጣ ጫማ የለም።

ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

፩. ስለ ጽዳታችሁ አመሰግናለሁ። ሶልያና ደውላ ስትጠይቅ፣ መንገድ የሚያጸዱት አባሎቻችሁ የተጣለ ቆሻሻ መስሏቸው እንዳነሡት በትሕትና ነግራችኋታል። እኛ ዘንድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጎን ለጎን የተቀመጠ ጫማ፣ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው። እናንተ ዘንድ ሰው የለም ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ ማየትም ከማኅበሩ ደንብ ውጪ ሳይሆን አይቀርም። ሙሴ ጫማውን ያወለቀው በእርስዎ ሸለቆ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሁሉ ምድረ በዳ በባዶ እግሩ በፈጀው ነበር።

፪. መግቢያው ላይ «ከኮቴዎ በቀር ምንም ጥለው አይሂዱ» የሚል ሰሌዳ አለ። ታዝዣለሁ፤ እስከ ልጄ መንደር ድረስ የአምስቱን ጣት አሻራ ጭምር ትቼላችኋለሁ። ያገኘኋቸው ተጓዦችም ቦንዡር ብለው፣ እግሬን አይተው፣ የአገሩ ባህል ይሆናል ብለው ነው መሰል በአክብሮት አሳልፈውኛል።

፫. የከበደኝ ይህ ነው። ጫማውን የገዛችልኝ ውብነሽ ናት። እግሬ በሙቀት እንደሚያብጥ አውቃ አንድ ቁጥር አስበልጣ ገዛች፤ ተረከዜን እንዳይልጠኝም በግራው ውስጥ ከቀሚሷ ቆርጣ ሰማያዊ ጨርቅ ሰፋችበት። ቆሻሻ ያላችሁት ይህንን ነው። ለዕቃ ይህን ያህል ማዘን ይገባኛል ወይ ብዬ ራሴን መርምሬአለሁ። የንስሐ አባቴም ለእርሷ ጸልይ፣ ጫማውን ተወው ብለውኛል። ጸሎቱን ይዣለሁ፤ መተዉ ግን እምቢ ብሎኛል።

፬. ጎረቤቴ ጌቾ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ነገሩን ከሰማ ወዲህ፣ ጋሼ፣ ሰው ፈረንሳይ ሄዶ ተጫምቶ ይመጣል፣ እርስዎ አውልቀው መጡ እያለ ሰፈራችንን ካርቲዬ ሁለትን ያስቃል። ይህንንም ውለታ ቆጥሬላችኋለሁ።

ካሣ አልጠይቅም፤ አዲስ ጫማም እንዳትልኩልኝ። ያንኑ ፈልጋችሁ መልሱልኝ። ለሚቀጥለውም እንግዳ ስትሉ፣ ጫማ ያየ አባል በሩን እንዲያንኳኳ አስተምሩልኝ።

መንገድዎ ሣር አይብቀልበት፣ ቢጫ ቀለሙም አይደብዝዝ እያልሁ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ እጅ የምነሣዎት፣

ተክለወልድ
ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን እንደ ጨረስሁ፣ ሶልያና ጫማው የት እንደ ደረሰ ለጠየቀቻችሁ የሰጣችሁት መልስ በእርሷ በኩል ደረሰኝ። ጫማው ለበጎ አድራጎት ተሰጥቶ ለአፍሪካ ድሆች ተልኳል ብላችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አፍሪካ እንግዲህ እዚህ ናት። የልባሽ ጫማ ቦንዳ ከወደብ መጥቶ በተፈታ ቁጥር፣ ነጋዴው ረምዚ የግራ የግራውን ያቆይልኛል፣ እኔም ውስጡን በጣቴ እዳስሳለሁ። ሰማያዊውን ጨርቅ ያገኘሁ ቀን የገዛ ጫማዬን ከፍዬ እገዛዋለሁ፤ ያን ጊዜም እርዳታችሁ ለተቸገረው ሰው እጅ በእጅ መድረሱን ጽፌ አረጋግጥላችኋለሁ።