የእንግዳው ሣጥን፦ የአቶ ኦርቪል ታከት የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦርቪል ታከት በቴነሲ፣ ከቢግ ሳንዲ ከተማ አጠገብ፣ ከአባታቸው ከአቶ ቨርጂል ታከትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄስተር ቦመር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 ሲወለዱ፣ የኬንታኪ ግድብ በሩ ተዘግቶ ውሃ ማቆር ከጀመረ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር። የአባታቸው የበቆሎ ማሳ በኬንታኪ ሐይቅ ሥር እየገባ፣ እሳቸው ወደዚህ ዓለም እየወጡ ነበርና አቶ ቨርጂል እስኪሞቱ ድረስ «መንግሥት መሬቴን ወሰደ፣ እግዜር ኦርቪልን ሰጠኝ፤ ማን እንዳተረፈ ገና አልገባኝም» እያሉ ያሾፉ ነበር። አቶ ኦርቪል ግን የሐይቁ እኩያ በመሆናቸው ይኮሩ ነበር። ውሃ የዋጠውን ማሳ ከነአጥሩ ማዕዘን አባታቸው ስላስተማሯቸው፣ ባስ የሚባለው ዓሣ በፀደይ ወራት የት እንደሚሰበሰብ ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር።

ትምህርታቸውን በቢግ ሳንዲ ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብለን ብንጽፍ ራሳቸው ይስቁብን ነበርና አንጽፍም። ከዚያም ለውትድርና ተጠርተው በጀርመን አገር የጭነት መኪና ሲጭኑና ሲያራግፉ ሁለት ዓመት አገለገሉ። «ዕቃ ቦታውን ካወቀ ሰው አይደናበርም» የሚለውን አባባላቸውን ይዘው የተመለሱት ከዚያ ነው።

በሰኔ 1967 ከወይዘሮ ጀነቫ ሊልስ ጋር በትዳር ተጣመሩ። በሠርጉ ማግስት ሙሽራዪቱን በአባታቸው የእንጨት ጀልባ ዓሣ ሊያጠምዱ ይዘዋቸው ወጡ፤ ወለሉ ላይ የተጣለ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆም በሙሽራዪቱ ተረከዝ ተሰካ። ወይዘሮ ጀነቫ አላለቀሱም። «ኦርቪል፣ ወይ ለዚህ ኮተትህ ሣጥን ሥራለት፣ ወይ ወደ እናቴ መልሰኝ» አሏቸው። ሣጥኑ ተሠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ የቤተ ክርስቲያን ምእመንነታቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የአቶ ኦርቪል ሁለተኛ ሃይማኖት በጀልባ ወለል ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ባለ ክዳን ጥልቅ ሣጥን መስጠት ሆነ። ትዳሩም ሴት ልጃቸውን ዳርላን በ1969፣ ወንድ ልጃቸውን ራንዳልን በ1972 አፈራ።

በ1974 የራሳቸውን የጀልባ መሸጫ ከፈቱ። ገዢ ሲመጣ ሌላው ሻጭ ሞተር እያስጓራ ያሳያል፤ እሳቸው ግን ሁለት ጀልባዎችን ጎን ለጎን አቁመው ክዳኖቻቸውን በሙሉ ይከፍቱና ሰውየውን ወደ ውስጥ ያስገቡታል። «በል ዓይንህን ጨፍን። ጓደኛህ ውሃ ውስጥ ወድቋል። ተንሳፋፊ ሰደርያውን አምጣ!» ይሉታል። ገዢው ተሳስቶ የተያዘ ዓሣ የሚቆይበትን ገንዳ ክዳን ሲደባብስ፣ «ጓደኛህ ሰጠመ፤ ሚስቱን ምን ብለህ ልትነግራት ነው?» ብለው ወደ ሌላው ጀልባ ያሻግሩታል። በዚህ ዓይነት ግማሹን አውራጃ አስተምረው፣ ለግማሹ ሸጠውለታል።

አንድ የማይሻር ደንብም ነበራቸው። በሚሸጡት ጀልባ ሁሉ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ያለው ሣጥን ባዶ ሆኖ ይቀራል። «የእንግዳ ሣጥን ነው። አብሮህ የሚወጣ ሰው አንተ ያላሰብከውን ነገር ይዞ ይመጣል፤ ቦታ ከሌለህ ብቻህን ታጠምዳለህ» ይሉ ነበር።

ራንዳል ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር ሠራ፤ እንደ አባቱም በራሱ የሚተማመን ሆነ። ጥልቅ ሣጥን ያለው ጀልባ የፊት መድረኩ ከፍ ስለሚል ሰው ደረጃ መውጣት አለበት። ራንዳል የሚወደው ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ከመሪው እስከ አፍንጫው እንቅፋት የሌለው መድረክ ነበር። አባትየው ያንን «የዳንስ አዳራሽ» ሲሉት፣ ልጅየው የአባቱን ጀልባ «የአያቴ ቁም ሣጥን» ይለው ነበር። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር።

በሚያዝያ 2010 በአባትና ልጅ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ላይ ራንዳል በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን ዓሣ ያዘ። አቶ ኦርቪል መረብ ሊያወጡ ሣጥን ከፈቱ፣ በጥድፊያም ክዳኑን ሳይመልሱ ቀሩ። ራንዳል ከዓሣው ጋር እየታገለ ወደ ኋላ ሲራመድ እስከ ጉልበቱ ገባበት፤ ክሩም ተበጠሰ።

«አባዬ፣ ክዳኑን ከፍተህ ተውከው እኮ!»

«ሣጥን የሚከፈተው ዕቃ ሊወጣበት ነው። አንተ ምን ልትገባበት ሄድክ?»

ይህን መልስ አቶ ኦርቪል ማታ በዓሣ መመዘኛው መድረክ ሕዝብ ፊት ደገሙት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ራንዳል እያነከሰ ወጥቶ ሄደ፤ በዓመቱም ከሐይቁ ድልድይ ማዶ የራሱን መሸጫ ከፍቶ ዝቅ ያሉትን ጀልባዎች ይሸጥ ጀመር።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ለብዙ ዓመታት በአንድ ጀልባ አልወጡም። በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ ወይዘሮ ጀነቫ በመካከላቸው ይቀመጡ ነበር። ፓስተሩ ሊያስታርቁ ደጋግመው ቢሞክሩም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ወሬ የሚያመላልሱት ሁለቱን መሸጫ የሚያወዳድሩ ገዢዎች ነበሩ። «ራንዳል ‹የአባዬ ጀልባ አሥር ክዳን አለው፣ ሰው ግን ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው› ይላል» ሲሏቸው፣ አቶ ኦርቪል «ንገረው፣ በሁለቱም እግሩ የሚራመደው ራት አብልቼ ስላሳደግኩት ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። ገዢው ወጥቶ ሲሄድ ግን «ልጁ ከሳ ወይስ ደህና ነው?» ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። ልጃቸው ይናፍቃቸው ነበር፤ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም፣ ከራንዳል በቀር።

በ2021 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለባቸው ታወቀ። እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እግራቸው መክዳቱ ጎዳቸው፤ በሚመኩበት ጀልባ ላይ ወደ ፊት መድረክ የምታወጣዋን አንዲት ደረጃ መርገጥ አቃታቸው። አንድ የፀደይ ወቅት ሙሉ ከዳር ተቀምጠው ሐይቁን አዩ። ከዚያ አንድ ቀን ለወይዘሮ ጀነቫ «መኪናውን አስነሺ፣ ጀልባ ልገዛ ነው» አሏቸውና ድልድዩን ተሻገሩ።

ራንዳል እንደ ማንኛውም ገዢ ተቀበላቸው። አቶ ኦርቪል ጀልባው ላይ ወጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከመቀመጫው እስከ አፍንጫው እየተጎተቱ ሄዱ። እግራቸውን የመታው ነገር አልነበረም። ሲመለሱ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር እጃቸውን ሰደው ክዳን ከፈቱ። ባዶ ነበር።

«እዚህ ምን ይገባል?»

«ምንም። የእንግዳ ሣጥን ነው አባዬ። ሳልተውለት የሸጥኩት ጀልባ የለም።»

አቶ ኦርቪል አለቀሱ። ለመደበቅም አልሞከሩም። ቀጥሎም «ለካ የዳንስ አዳራሽ የሚያስፈልገው እግሩ ለከዳው ሰው ነው» አሉ። «ክዳኑን ከፍቼ የተውኩት እኔ ነኝ ልጄ። ሰው ፊት ያሳቅኩብህም እኔ ነኝ።»

«ዓሣው እኮ ትልቅ ነበር፣ አባዬ።»

«ትልቅ ነበር። ለማንም ያልነገርኩት ጥፋቴም የዚያኑ ያህል ትልቅ ስለሚሆን ነው።»

ከዚያ በኋላ አቅማቸው በፈቀደ ጊዜ ሁሉ አብረው ወጡ። አቶ ኦርቪል ግን ሙሉ በሙሉ ተሸነፉ እንዳይባል፣ ራንዳልን ከመሪው አጠገብ አንድ ጥልቅ ሣጥን አስጨምረውታል።

አቶ ኦርቪል ታከት መጋቢት 14 ቀን 2024 በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጀነቫ፣ ልጆቻቸው ዳርላና ራንዳል፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰደርያ ማግኘት የሚችሉ እጅግ ብዙ ዓሣ አጥማጆች አሏቸው።

አስከሬናቸው በኑዛዜያቸው መሠረት ተቃጥሏል። ከዚህ ጸሎት በኋላ አመዳቸው በራንዳል ጀልባ፣ ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ባለው ሣጥን ይቀመጥና ልጃቸው ውሃ ከዋጠው ከአቶ ቨርጂል ማሳ በላይ ወስዶ ለውሃው ይሰጠዋል። ክዳኑን የሚዘጉት ወይዘሮ ጀነቫ ናቸው። በሕይወታቸው ሁሉ ለሚመጣው ሰው ስፍራ የተዉትን አባታችንን፣ ጌታ በቤቱ ስፍራ አቆይቶ ይቀበላቸው። አሜን።