ካፖርት የሌለበት ቅዳሜ

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ዝናብ። ሁለት ዲግሪ። ቴአትር ቤቱ ደጃፍ ከተመልካች የተረከብነው ካፖርት ሁለት መቶ ዘጠና፣ ማንጠልጠያው የተበጠሰ አስራ አንድ። ክረምቱን ሙሉ እንዴት ክርና መርፌ ይጠፋል? አንዱን ጎረምሳ "እናትህ ክር የላትም?" ብለው፣ "እናቴ ዶክተር ናት" አለኝ። ታዲያ ሰው ትሰፋ የለ!

ክላቫ ጉልበቷን እያሸች ስትነጫነጭ አመሸች። አስራ ስድስት ዓመት ከአንድ ባንኮኒ ጀርባ ስንቆም፣ ያልተነጫነጨችበት ቀን ካለ እኔ ታምሜ የቀረሁበት ቀን ነው።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ዳንሰኛችን ኢነሳ ልትሰናበት ነው። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል። ሜይ 10፣ ቅዳሜ፣ "የወደቧ ልጅ"ን ለመጨረሻ ጊዜ ትደንሳለች። አርባ ሁለት ዓመቷ... መቼ ሞላት? የአስር ዓመት ልጅ ሆና ከባሌት ዳንስ ትምህርት ቤት ስትመጣ የካፖርቷን ማንጠልጠያ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ጥቁር ክር አጥቼ በቀይ።

እንባዬ መጣ። ለራሴ ምን ብዬ እዋሻለሁ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የመጨረሻውን ክፍል ስትደንስ አይቻት አላውቅም። አንድም ቀን! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በበር ስንጥቅ አጮልቄ አይቻለሁ። ሦስተኛው ሲጀመር ግን ቦታዬ እዚህ ነው፣ ሰው ሊወጣ ነዋ። መጨረሻውን የማውቀው ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ነው። በእረፍት ቀኔስ? እናቴ ነበረች፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ። ከሞተች በኋላስ? ነገ፣ ከነገ ወዲያ... እንዲህ ስል ይኸው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ዛሬም "የወደቧ ልጅ"። ከበሮው ተመታ፣ መርከቡ ሰመጠ፣ ቫዮሊኑ ብቻውን ቀረ... ወዲያው ብልጦቼ፣ ወረፋ ሳይበዛ ካፖርት የሚወስዱት፣ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ከፊት እንደ ሁልጊዜው ባለ ጢሙ መሐንዲስ። ይሄ ሰውዬ የሩቅ ማሳያ መነጽር ከእኛ የሚከራየው መድረኩን ሊያይበት አይደለም። መነጽር የያዘ ሰው ካፖርቱን ያለ ወረፋ ስለሚወስድ ነው። ከማኅደሩ እንኳ አያወጣውም።

"እንዴት ነበረች?"

"ሞተች። ካፖርቴን!"

ሃያ ዓመት ይችኑ ነው የሚለኝ። እወደዋለሁ፣ ወረፋዬን ያቀልልኛል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 30

ኢነሳ ልትጠይቀኝ ወረደች። ባንኮኒው ላይ ዘላ ቁጭ፣ ልክ እንደ ልጅነቷ።

"እትዬ ሮዛ፣ ከኔ ጭፈራ የቱን ነው የሚወዱት?"

"ስትሞቺ" አልኳት።

"ስሞት?" ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች... እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። "አይተውኛል ግን?"

ምን ልበል? ሰምቼሻለሁ አልኳት። እግርሽ ወለሉን ሲነካ ከሌሎቹ ለይቼ አውቀዋለሁ አልኳት። እውነቴን ነው።

"የመሰናበቻዬ ቅዳሜ ይምጡና ይዩኝ። ሌላ ቅዳሜ የለኝም።"

ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ለምን ነበር የሳቀችው?

ዓርብ፣ ሜይ 2

አለቃችን ጌርማን ልቮቪች ጋ ገባሁ። ለምኜ አላውቅም፣ የኢነሳን መጨረሻ ልይ ብዬ ለመንኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ አስጨረሰኝ።

"ሮዛ ማትቬየቭና፣ አየሩ ሞቆ ካፖርት ከሌለ ክላቫ ብቻዋን ትበቃለች። እርስዎ ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ካፖርት ካለ ግን... አዳራሹ ሙሉ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እንግዲህ ጉዳዬ ከሰማይ ጋር ነው። ዛሬ ዘጠኝ ዲግሪ።

ሰኞ፣ ሜይ 5

አስራ ሰባት! መስኮት ከፈትኩ። የጎረቤቴ ድመት በረንዳ ላይ ተዘርግታለች።

ረቡዕ፣ ሜይ 7

ሃያ አንድ ዲግሪ። ካፖርት አርባ ብቻ፣ እነሱም የአሮጊቶች።

"ሰማይ ቤት ዘመድ አለሽ መሰለኝ" አለችኝ ክላቫ።

ሰማያዊ ቀሚሴን ተኮስኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 9

ጉድ ፈላ። ግቢያችን ያለው ዛፍ አድሮ ነጭ አበባውን ዘርግፎታል። እሱ ሲያብብ ደግሞ ሁሌም ብርድ ይመለሳል፣ ይሄን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ምናለበት ሁለት ቀን ቢታገሥ? ነፋሱ ከባሕር በኩል ዞሯል። የክላቫም ጉልበት ጀምሯታል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10፣ ጠዋት

በረዶ። በሜይ! በረዶ!

ቀሚሱን መልሼ ሰቀልኩት።

እሑድ፣ ሜይ 11

በደንብ አስቤ ልጻፈው።

ካፖርት ሦስት መቶ አርባ ሁለት። ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ከባድ፣ ክንዴ እስካሁን ይዝላል። ሦስተኛው ክፍል ሲጀመር በርጩማዬን ድምፅ ማጉያው ሥር ስቤ ተቀመጥኩ። ልሰማት። ሌላ ምን አለኝ?

ክላቫ አየችኝ፣ አየችኝ...

"ምን ትጎለቻለሽ? ውጪ!"

"ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ የኔ ነው፣ ምን አገባሽ! መጋረጃው ሲወርድ እዚህ ካልተገኘሽ ግን፣ የቀበሮ ፀጉሩን ከበግ ቆዳው ሳልለይ ሁሉንም ካፖርት መሬት ላይ ነው የምከምርልሽ።"

መቶ አራት ደረጃ። በስልሳ አንድ ዓመቴ እየሮጥኩ ወጣሁት። የሦስተኛ ፎቁን በር የምትጠብቀው ልጅ ገፋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

አየኋት። ትንሽ ናት፣ ከላይ ስትታይ። ወደቡ ላይ ቆማ መርከብ ትጠብቃለች፣ አንገቷ ብቻ ነው የሚጠብቀው... እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልም። ከዚያ ከበሮው። ወደቀች። አፌን ያዝኩ። ቫዮሊኑ ብቻውን ቀረ። ይኸው፣ ሞተች፣ አልኩ።

ወንበሮች ተንቋቁ። ስምንት ሰው ተነሳ፣ ሁሉም የመነጽር ማኅደር በእጁ። ብልጦቼ! መሐንዲሱ አጠገቤ ደርሶ ክው አለ።

"ሮዛ ማትቬየቭና? ካፖርቴን ማን ሊሰጠኝ ነው?"

"ክላቫ" አልኩት፣ ዓይኔን ሳልነቅል። ሄደ።

ያኔ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጣት። ቀጥሎ እጇ። ተነሳች! ዘላ አይደለም፣ ጠዋት ሥራ ያለባት ሴት ከአልጋዋ እንደምትነሳው። ከኋላዋ ሌሎቹ ሴቶች የተቀደደ የዓሣ መረብ ይጠግናሉ። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ጫፉን ያዘች፣ መጠገን ጀመረች። መጋረጃው ወረደ።

ለካ አትሞትም! ሃያ ዓመት ሙሉ እኔው ስገድላት ኖሬ... ሰው ዓይኑ ቀልቶ የሚወርደው ለዚህ ነው ለካ። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። አላፈርኩም።

ታች ስደርስ ወረፋው በሩ ድረስ ተጠማዝዟል። ክላቫ በላብ ተነክራለች፣ ግን አልከመረችም።

"ሞተች?"

"ተነሳች" አልኳት።

የሰው ካፖርት እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4

አራት ዲግሪ፣ ካፖርት ሦስት መቶ አስር። "የወደቧ ልጅ" ተመልሳለች፣ በአዲስ ዳንሰኛ። ባለፈው ሳምንት ተራው የክላቫ ነበር። መጨረሻውን እንድታይ ላክኋት። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነጫነጨችም።

ዛሬ በዋናው በር፣ እንደ ተመልካች፣ ማን ገባ? ኢነሳ። ወረፋ ጠብቃ ካፖርቷን ሰጠችኝ። ማንጠልጠያውን አገላብጬ አየሁት። በቀይ ክር ተሰፍቷል።

"ራሴ ነኝ፣ እትዬ ሮዛ" አለችኝ። የካፖርቷን ቁጥር ሰጠኋት።

ከበሮው ተመታ። ቫዮሊኑ ጀመረ። መሐንዲሱ ከች።

"ሞተች። ካፖርቴን!"

"ገና አልተነሳችም።"

"ማን?"

"ይመለሱ። ካፖርትዎ የትም አይሄድም።"

"ባቡሬ ያመልጠኛል እኮ!"

"በየሃያ ደቂቃው ነው። አውቃለሁ።"

ክላቫን አያት። ክላቫ ክንዷን አጣምራ ቆመች። ድምፅ ማጉያውን ቀና ብሎ አየ፣ ጢሙን ዳሰሰ... ከዚያ ዞሮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

ከሁሉም መጨረሻ ወረደ። የወረፋው ጅራት ላይ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። መነጽሩን ከማኅደሩ አውጥቶታል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ለካ..." አለኝና መጨረስ አቃተው።

"አዎ" አልኩት።

ካፖርቱን ሰጠሁት። ማንጠልጠያው ተበጥሷል። ዛሬ ስለ ክርና መርፌ አልነዘነዝኩትም።