ሳፋ ውስጥ የሰጠመው ድንጋይ

ለልጄ ለይበልጣል፣ ካለህበት ደሴት ድረስ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እናትህን ከቀበርን ወዲህ ብቻዬን ብሆንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባሕር መሃል ከፈነዳው እሳተ ገሞራ የወጣ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው ብለህ የላክኸው ድንጋይ ደርሶኛል። ሳፋ ውስጥ ብጨምረው ግን ሰጠመ። የሞጣው ግንበኛ አብዱሰመድ አገላብጦ አየውና «አያ ዳምጤ፣ ይኼማ የእኛው ጥቁር ድንጋይ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ከቀዳዳው የጤፍ ፍሬ ወጣ። እዚያም ጤፍ ይዘራል?

ደሴቱ በመርከብ የወር መንገድ ነው ብለኸኝ ነበር። ድንጋዩን ያመጣው ጓደኛህ ቢያድግልኝ ግን ይህን ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ ብጠይቀው «ነገ እጁ ይገባል» አለኝ። ምን ክፉ ተናግሬህ ይሆን እያልሁ ራሴን እመረምራለሁ።

ፋሲካ እስኪያልፍ በሩን ሳልቀረቅር አድራለሁ። እሳቱንም ባሕሩንም የፈጠረ አምላክ ካለህበት በሰላም ያምጣህ።

አባትህ ዳምጤ፣ ከቢቸና